ጋሽ ይስተካከልና «ሁሉ» የምትለው ቃል

ወሬው የተወለደው እሑድ ከሰዓት በኋላ ካፌው ውስጥ ነው። ሰኞ ጠዋት ፀጉር ቤቱ ደረሰ፤ ማክሰኞ ከልብስ ሰፊው ቀድሞ የገዛ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። ልብስ ሰፊው ካቶሊክ ሆነ! ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ስኒ ማኪያቶ ሳያስጨርስ በተረሳ ነበር። ጉዱ ያለው የገባበት መንገድ ላይ ነው። ሌላው ሰው «ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረውን ሁሉ አምናለሁ» ብሎ ሲገባ፣ እሱ መሠዊያው ፊት ቆሞ ከቄሱ ጋር በሹክሹክታ ተደራድሮ «አብዛኛውን አምናለሁ» ብሎ ገባ ተባለ።

ወሬ ደግሞ ብቻውን መሄድ ስለማይወድ መንገድ ላይ ጓደኛ አበጀ። አንዱ «ሦስት ትምህርት አስቀንሷል» አለ። ሌላው «ቄሱማ እምቢ ብለው ነበር፤ ከሮም ተደውሎ ነው የተፈቀደለት» አለ። ባለ ካፌው፣ ስኳር የሚቆጥብ ወሬ ግን የማይቆጥብ ሰው፣ «ከእንግዲህ አዲስ ትምህርት ሲወጣ መጀመሪያ ለሱ ይላክለታል፤ ልኩን አይቶ ይመልሳል» ብሎ ደመደመው።

ሰውየውን ለሚያውቅ ወሬው እውነት ይመስላል። ቤተ ክርስቲያኗን ለሚያውቅ ግን ያስቃል፤ ስንት ንጉሥ ደጅ ጠንቶ አንዲት ቃል ያላስቀነሳትን፣ ሜትር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አንድ ልብስ ሰፊ በሹክሹክታ? ደግሞስ ካወሩት ሰዎች መካከል መሠዊያው አጠገብ የነበረ አንድም የለም። እስቲ ነገሩን ከጫፉ እንያዘው።

የልብስ ሰፊውን የመዝገብ ስም የሚያስታውስ የለም። ሰፈሩ የሚያውቀው ጋሽ ይስተካከል ብሎ ነው። ሱቁ ከካፌው ፊት ለፊት ናት፤ ጠባብ፣ ረጅም፣ መጨረሻዋ ላይ የሰው ቁመት የሚያክል መስታወት የቆመባት። ጠመኔው ከጆሮው ጀርባ፣ ሜትሩ ከአንገቱ አይለይም፤ ሜትሩን እንደለበሰ ነው የሚተኛው የሚሉም አሉ። ደንበኛ ሲገባ መስታወቱ ፊት ያቆመውና እንደ መቶ አለቃ ይጮኽበታል።

«እጅ ወደ ታች! ቀና! አትተንፍስ!»

እውነቱን ለመናገር፣ እሱ የሰፋለት ሰው እጁን አውርዶ፣ ቀና ብሎ፣ ሳይተነፍስ ከቆመ፣ በዓለም ላይ እንደሱ የሚያምር ፍጡር የለም። ችግሩ ሰው መሆኑ ነው። ይቀመጣል፤ ያስላል፤ ዘመድ ሲያገኝ ሊያቅፍ እጁን ያነሣል። ያን ጊዜ አንድ ቦታ ይጨማደዳል። ተመልሶ መጥቶ ቢያማርር ጋሽ ይስተካከል መልስ አለው፤ «ሱፉ ምን አደረገ? የተንቀሳቀስከው አንተ!»

ማስተካከል ሱቁ ውስጥ ብቻ ቢቀርለት ጥሩ ነበር። ሐኪም በቀን ሦስቴ ዋጥ ያለውን ክኒን «ይሄ ሰፍቷል» ብሎ ሁለቴ አድርጎታል። የሰው ቀብር ሄዶ የሬሳ ሣጥኑን ጨርቅ እጥፋት አቃንቶ ተመልሷል። የሟቹ ወንድሞች እንባቸውን እየጠረጉ «ጋሼ፣ ሌላ የቀረ አለ?» ብለው ጠይቀውታል ይባላል። ይህን ሁሉ የምትታገሰው ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ አዝራር የምትተክለው ታላቅ እህቱ ናት። እትዬ ይላታል። ምላሷ ከመርፌዋ ይፈጥናል፣ መርፌዋም ቢሆን አይተኛም።

እንዲህ ያለ ሰው ቤተ ክርስቲያን እንዴት ገባ? ጀርባ ተከትሎ ነው።

የሰፈሩ የጥርስ ሐኪም እሱ ዘንድ ግራጫ ሱፍ አሰፍቶ ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት በሱቁ ፊት ሲያልፍ ጋሽ ይስተካከል ከትከሻው መካከል አንዲት እጥፋት አየ፤ ወይም ያየ መሰለው። እርግጠኛ ለመሆን ተከተለው። ሐኪሙ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ታጠፈ፤ ሐኪሙ የካቶሊኮቹ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ገባ፤ ሲቀመጥ ከኋላው ተቀመጠ። እሱ ራሱ በሕፃንነቱ በሌላ ቤት የተጠመቀ፣ ከዚያ ወዲህ ከሰርግና ከቀብር በቀር ደጃፉን ያልረገጠ ሰው ነው። ዓይኑ ከግራጫው ጀርባ ላይ ሳይነቀል ቅዳሴው ቀጠለ። በመጨረሻ ሕዝቡ ሁሉ ተንበረከከና ያ ስንት የተለፋበት ኮት ከጀርባው እንደ አኮርዲዮን ተሰበሰበ። ጋሽ ይስተካከል «ወይኔ!» ያለው ጮክ ብሎ ነው፤ አጠገቡ ያሉ አሮጊት ግን ኃጢአቱን አስቦ መስሏቸው ክንዱን መታ መታ አደረጉት።

በሚቀጥለው እሑድ ሐኪሙ ያን ጥፋት ይደግመው እንደሆነ ሊያይ ሄደ። ደገመው። ከዚያ የሌሎችንም ጀርባ ይመለከት ጀመር፤ ግማሹ ጉባኤ የሱ ደንበኛ ነበር። በሰው ፊት ቀና ብለው ሊቆሙ እሱ ዘንድ የሚመጡ ሰዎች፣ የፍርድ ቤቱ ዳኛ ሳይቀሩ፣ እዚህ መጥተው ማንም ሳያስገድዳቸው ሱፋቸውን ያጨማድዳሉ። ለምን? ጥያቄው እንደ ተሰበረ መርፌ ውስጡ ቀረ። ብዙ እሑድ አለፈ። አንድ ቀን ሲመለስ እትዬ እንደ ልማዷ፣

«ዛሬስ የማን ጀርባ ተበላሸ?» አለችው።

የአንዱን ስም ሊጠራ አፉን ከፈተ። ለካ የማንንም ጀርባ አላየም ነበር።

ቄሱ፣ ሁሉም አባ የሚሏቸው ቀጫጫ ሽማግሌ፣ መማር እፈልጋለሁ ሲላቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለች ክፍል ያስተምሩት ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ጋሽ ይስተካከል የጠረጴዛቸውን እግር አስተካከለ። በሁለተኛው ወደ ትምህርቱ ገባ።

«አባ፣ ይሄ ኑዛዜ አንገቱ ላይ ጠበቅ ብሏል። ሰው በቀጥታ ለፈጣሪው ቢናገር ምን ይጎድላል? እዚህ ጋ ትንሽ እንልቀቀው።»

«እሺ» አሉ አባ፤ «ሌላስ?»

«ነፍስ ከሞት በኋላ የምትነጻበት የሚለው ደግሞ ትርፍ ኪስ ነው። ማንም እጁን የማይከትበት ኪስ ምን ያደርጋል? እንድፈነው።»

«ሌላስ?»

«የሮሙ ጳጳስ ለመላው ቤተ ክርስቲያን የእምነትን ነገር በሥልጣናቸው ሲያውጁ አይሳሳቱም የሚለው፣ አባ፣ ይሄ እንኳ በጠቅላላ ይፈታ።»

አባ መነጽራቸውን አውልቀው በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ጥሩ ጥያቄዎች ይሆኑ ነበር» አሉ፤ «ጥያቄ ቢሆኑ።»

እትዬ ይህን ስትሰማ ክሩን በጥርሷ እስክትበጥስ ሳቀች። «ሦስተኛውስ ገብቶኛል። ሁለት የማይሳሳት ሰው ለአንድ ሃይማኖት ይበዛላ!»

ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ፤ ምክንያቱም የሚገባበት ቀን ቀረበ። አባ በጉባኤው ፊት የሚላትን ቃል አነበቡለት። አጭር ናት፤ ቅድስት ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ከእግዚአብሔር የተገለጠ ነው ብላ የምታምነውን፣ የምታስተምረውንና የምታውጀውን ሁሉ አምናለሁ፣ እመሰክራለሁም። ጋሽ ይስተካከል በደንብ አዳመጠና አንዲት ቃል ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«‹ሁሉ› የምትለዋ ባትኖር ልክክ ትል ነበር።»

«ትኖራለች» አሉ አባ።

«ትንሽ ብትከረከም...»

«መቀስ የለኝም፣ ልጄ። ካላመንክ አትበል፤ ማንም አያስገድድህም። እንደ እስካሁኑ መጥተህ ትቀመጣለህ፤ ወንበሩ ያንተ ነው።»

አባ ያልገባቸው፣ ወይም ገብቷቸው ዝም ያሉት፣ ያ ወንበር እንደ እሾህ መውጋት መጀመሩን ነው። በየእሑዱ ሰው ለመቁረብ ሲነሣ ጋሽ ይስተካከል ጉልበቱን ወደ ጎን አዙሮ ያሳልፋል። ዳኛው ያልፋሉ፤ የጥርስ ሐኪሙ ያልፋል፤ ክንዱን መታ የሚያደርጉት አሮጊት ትከሻውን ተደግፈው ያልፋሉ። እሱ ጉልበቱን እንዳዞረ ይቀራል። መሄድ ፈለገ፤ ዕድሜውን ሙሉ ምንም ነገር እንዲህ ፈልጎ አያውቅም። መዋሸት ደግሞ አይችልም። ብዙ ጉድ አለበት እንጂ ውሸታም አይደለም፤ ሱፉ ካላማረብህ አላማረብህም ይልሃል፣ ጥፋቱን ያንተ ያደርገዋል እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ተንጠልጥሎ ሳለ አባ አንድ ፌስታል ይዘው ሱቁ መጡ። ውስጡ ለቅዳሴ ከካባው ሥር የሚለብሱት ነጭ ቀሚስ ነበር።

«ጠርዙ ተተርትሯል፤ እሱን ብቻ ያዝ ያዝ አድርግልኝ» ብለው ሄዱ።

ጋሽ ይስተካከል ቀሚሱን ማንጠልጠያ ላይ ሰቅሎ ዞረው። ዓይኑ ብብቱ ላይ ሲያርፍ ፊቱ ጨፈገገ። ከሁለቱም ብብት ሥር አንድ አንድ ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ ገብቶ፣ ክንዱ ወርዶ ሲሰቀል እንደ እብጠት ይቋጠራል።

«እይው እስቲ ይሄን ጉድ! የማን ሥራ ነው? ጨርቅ ተርፎት ነው እንጂ!»

«ጠርዙን ነው የተባልከው» አለች እትዬ።

«ጠርዙን ብቻ ሰፍቼ ይሄን አይቼ ልለፍ? ነገ ‹ጋሽ ይስተካከል ጋ ነው ያሰፉት› ሲባል ሰው ምን ይለኛል?»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች፤ ለአዝራሩ የምትነግር እየመሰለች።

ቁራጮቹን ፈትቶ ጣላቸው፤ ብብቱን ገጠመው፤ እጅጌውንም ጠበብ አደረገው። ማንጠልጠያው ላይ ቀሚሱ እንደ ሻማ ቀጥ አለ። አባም ሲወስዱት «ተባረክ» ከማለት በቀር ምንም አላሉም፤ ማንጠልጠያ ላይ እንዳለ ማን ምን ይላል?

እሑድ ጋሽ ይስተካከል ሥራውን ሊያይ ፊት ለፊት ተቀመጠ። አባ ወጡ፤ አማሩ፤ እሱም ደረቱን ነፋ። ከዚያ አባ መሠዊያው ላይ ቆመው ሊጸልዩ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

ጠርርርር!

ካባው ቀዳዳውን ሸፈነው፤ ድምፁን የሚሸፍን ካባ ግን እስካሁን አልተሰፋም። ያልተቀደደው ብብት ደግሞ ቀሚሱን ጠቅላላ ይዞት ወጣ፤ ጠርዙ እንደ መጋረጃ ተነሥቶ የአባን ካልሲዎች ለሕዝብ አሳየ። አንዱ ጥቁር ነው፤ አንዱ ሰማያዊ ባለ መስመር። የቀረውን ቅዳሴ አባ እጃቸውን ከጆሯቸው ማሳለፍ እያቃታቸው ጨረሱ፤ «እጅ ወደ ላይ!» ብሎ ሐሳቡን በቀየረ ሌባ ፊት የቆሙ ይመስሉ ነበር። ዳኛው መሐረባቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። የጥርስ ሐኪሙ፣ የሰውን አፍ ማስከፈት እንጂ የራሱን መዝጋት ያልለመደ ሰው፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ታገለ።

ጋሽ ይስተካከል ብቻ አልሳቀም። ዓይኑ የአባ ብብት ላይ ነበር። አባ እጃቸውን ባነሡ ቁጥር ያቺ የጣላት ቁራጭ ጨርቅ በነበረችበት ቦታ ላይ ልብሱ ይለምን ነበር፤ ስጡኝ፣ ስጡኝ ይል ነበር። እሱ እንደ እብጠት የቆጠራት ነገር ክንድ ሲነሣ የሚከፈት ማጠፊያ ነበረች። ይህን ልብስ የሰፋው ሰው «እጅ ወደ ታች» አላለም። የሚሰፋለት ሰው እጁን አንሥቶ እንደሚሠራ ያውቅ ነበር። ጋሽ ይስተካከል ግን እዚያው ቤት እየተመላለሰ በየእሑዱ የሚያያቸውን እጆች ጨርቁን ሲቆርጥ አላሰባቸውም።

ቅዳሴው እንዳለቀ አባ ልብስ ወደሚለብሱባት ክፍል ገባ።

«አባ፣ ጥፋቱ...» አለ። ከልማድ ብዛት «የእርስዎ ነው፤ ተንቀሳቀሱ» የሚለው ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው። «...የኔ ነው።»

«ያንተ ነው?» አሉ አባ ደስ ብሏቸው። «እኔኮ እርጅና መስሎኝ ነበር! እጄ አልነሣ ሲለኝ ‹በቃ ደረሰልህ› ብዬ ልቤ ወደቀ።»

«ቀሚሱን መጀመሪያ ማነው የሰፋው?»

«አላውቅም። ስመጣ አገኘሁት። ከኔ በፊት የነበሩትም ሲመጡ ነው ያገኙት።»

«እንዴት እንዳሰበው የሚጠየቅ ሰው የለም?»

«ቀሚሱ አለልህ» አሉና አወለቁለት።

ሱቅ ተመልሶ የቁርጥራጩን ቅርጫት ገለበጠ። አንዷ ቁራጭ ተገኘች፤ ሌላዋን እትዬ መርፌ መሰኪያ አድርጋታለች። «ጣልካት፣ ሥራ ሰጠኋት» አለች እየነቀለች። እያንዳንዷን ወደ ቦታዋ ለመመለስ አዲስ ልክ መውሰድ አላስፈለገውም፤ የድሮው መርፌ የወጋቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች እዚያው ነበሩና አንድ በአንድ ተከተላቸው። ያጠበበውንም እጅጌ ለቀቀው። ሲጨርስ ራሱ ለበሰው። መስታወቱ ፊት ቆሞ፣ ሰው እጁን እንዲያወርድ ሲጮኽበት በኖረበት ቦታ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ።

እትዬ መርፌዋን አቆመች። «ምነው? ተማረክ እንዴ?»

«ዝም በይ እስቲ፣ እያየሁ ነው።»

ጠርዙ አልተነቃነቀም። እጁን አወረደ፤ ደግሞ አነሣ። ፊቱ ላይ ያለው ነገር ለእትዬ እንግዳ ነበር፤ ሬዲዮ ፈትቶ ዘፋኙን የሚፈልግ ሕፃን ይመስላል።

ለትምህርት ተመልሶ ሲሄድ የጠረጴዛውን እግር አላየም። «አባ» አለ፤ «ኑዛዜ ለምን በሰው ፊት ሆነ?» ያው የድሮው ነገር ነው፤ ድምፁ ግን መቀስ አልያዘም።

«ያንተን ሱፍ ማነው የሚለካልህ?» አሉ አባ።

«እትዬ ናት።»

«አንተ እያለህ?»

«የራስ ልክ አይያዝማ። ጎንበስ ስል ልኩ ይሸሻል፤ ጀርባዬንም አላ...» አለና ቆመ።

ስለ ነፍስ መንጻትም ጠየቀ። ሙሽራ ሱፉ ላይ ለጊዜው የተወጋው ነጭ ክር ሳይለቀምለት ወደ ሰርጉ እንደማይወጣ ትዝ ያለው እዚያው አባ ሲያስረዱት ነው። ልብሱ አልቋል፤ ሙሽራውም ተጋብዟል፤ ክሩ ግን ይለቀማል። ሦስተኛው ላይ አባ ብዙ ደከሙ። ጳጳሱ ኃጢአት የለባቸውም ማለት እንዳልሆነ፣ እሳቸውም እንደኛው ኑዛዜ እንደሚገቡ፣ ነገሩ የሰውየው ብልጠት ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን እንዳትስት የተገባላት ተስፋ እንደሆነ ነገሩት። ጋሽ ይስተካከል አገጩን ይዞ ሰማ።

«አልገባኝም» አለ።

ከዚህ በፊት «አልገባኝም» ካለ በኋላ ሁልጊዜ የሚከተል ነገር ነበር፤ «ስለዚህ ስህተት ነው» የሚል። አባ ጠበቁ። አልመጣም።

«ቀሚሷም አልገባችኝም ነበር» አለ በመጨረሻ፤ «አለመግባቷ ግን የሷ ጉድለት አልነበረም። ቃሉ ደግሞ ‹ሁሉ ገባኝ› አይልም። እለዋለሁ አባ፤ ጥያቄዬን ግን ይዤ ነው የምገባው።»

«ይዘህ ግባ» አሉ አባ፤ «ቦታ አለ።»

ኑዛዜውን በዋዜማው ገባ። ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ውጭ ተራ የሚጠብቁት አሮጊት ግን ወንበር አስመጥተዋል።

እንግዲህ ያቺ እሑድ መጣች። የጥርስ ሐኪሙ ምስክሩ ሆኖ፣ በግራጫው ሱፍ፣ ከኋላው ቆመ። «ጋሼ፣ አይዞህ» ብሎ ሹክ አለው፤ «እኔ ጋ ስትመጣ ያለ ምንም ‹ግን› አፍህን ትከፍት የለ?» እትዬ ከመጨረሻው ወንበር፣ «ለማየት ነው የመጣሁት» ብላ ክንዷን አጣምራ ተቀምጣለች፤ የባለ ካፌው ሚስትም ከጎኗ። አባ ነጩን ቀሚስ ለብሰው፣ እጃቸውን ዘርግተው ፊቱ ቆሙ። ጋሽ ይስተካከል ጀመረ፤ «ቅድስት ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ከእግዚአብሔር የተገለጠ ነው ብላ የምታምነውን፣ የምታስተምረውንና የምታውጀውን...»

እዚህ ጋ ቆመ።

ሐኪሙ መተንፈስ አቆመ። ጋሽ ይስተካከል ወደ አባ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ሹክ አለ፤ አባ ጎንበስ ብለው ሰሙ፣ ፈገግ አሉ፣ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ከዚያ ንግግሩን ጨረሰ፤ ድምፁ ዝቅ ስላለ ከኋላ ያለ ሰው አልሰማውም። ጉልበቱን ወደ ጎን ሳያዞር ከሁሉም ጋር ተነሥቶ ቆረበ። የባለ ካፌው ሚስት ያየችው ይህንን ነው፤ ቆመ፣ ተንሾካሾከ፣ ቄሱ እሺ አሉ። የቀረውን ባሏ ሰፋላት።

ማክሰኞ ጋሽ ይስተካከል ወሬውን በሩ ላይ ሲያገኘው ሱቁን ሳይከፍት መንገዱን ተሻግሮ ካፌው ገባ። ቤቱ ሙሉ ነበር። ተቀመጠ። ጠረጴዛዋ ዘመም አለች፤ እሱ ጎንበስ ብሎ እግሯን እስኪያቃና ሁሉም ጠበቀ።

«ይቺ ጠረጴዛ ለምንድነው እንዲህ የሆነችው?» አለ።

«ወለሉ ነው የዘመመው» አለ ባለ ካፌው፤ «እግሯን ካስተካከልኳት ሻዩ ይደፋል።»

«አሃ» አለና ሻዩን አዘዘ። ሰው ተያየ። አንዱ ስኒውን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለህ!» አለ ባለ ካፌው፤ «‹ሁሉ›ን አስቀንሰህ ‹አብዛኛውን› አሰኘሃቸው አሉ! እስከ ሮም ተደዋውሎ!»

«ማን አለ?»

«አገሩ ሁሉ! ቃሏ ላይ ስትደርስ ቆምክ፣ ተደራደርክ፣ እሺ አሉህ። ባለቤቴ በዓይኗ ያየችውን?»

ጋሽ ይስተካከል ሻዩን አማሰለ። «የቆምኩትስ፣ አባ እጃቸውን ሲያነሡ ስፌቱ ይዞ እንደሆነ ሳይ ነው። ‹አባ፣ ይዟል› አልኳቸው፤ ‹አዎ› አሉኝ። ስልክ የደወለ የለም። የተቀነሰ የለም። አንድም ክር አልተፈታም። ሁሉንም ነው ያልኩት።»